ጉማራ ሲሞላ ዓሣውን ማን ይጠብቃል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ወረታ ከመግባቱ በፊት የጉማራን ድልድይ ይሻገራል፤ ከወረታ ወጥቶ ወደ አዲስ ዘመን ሲያቀና ደግሞ የርብን። በበጋ ሁለቱም ወንዞች እምብዛም ዓይን አይስቡም። ዳርና ዳር የተደረደሩ የውኃ ፓምፖች ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ሲያጠጡ ይውላሉ፤ ከብቱም በእግሩ ይሻገራል። ነሐሴ ላይ ግን ሌላ ነው። ከጉና ሥር የተነሳው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ፣ ቡናማ ሆኖ ከድልድዩ ሥር ያገሳል። ከአስፋልቱ በስተ ምዕራብ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ማሳ ይሁን ሐይቅ መለየት ያስቸግራል። ሩዙ ከውኃ ውስጥ ብቅ ብሎ አረንጓዴ ጫፉን ያሳያል፤ ከዚያ ማዶ ቄጠማ፣ ከቄጠማው ማዶ ጣና። ናበጋንና ዋገጠራን የመሳሰሉ የሐይቅ ዳር ቀበሌዎችን ከወረታ የሚያገናኘውን መንገድ ጭቃ ይውጠዋል፤ ውኃው ሲበረታ በጀልባ ወይም በታንኳ ካልሆነ አይደረስባቸውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ገንፍለው በፎገራና በአጎራባች ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅለዋል። እዚያ ያለ አርሶ አደር ዛሬም የዘመን ቆጠራውን በዚያ ጎርፍ ይለካል።

መንገዱ በተዘጋበት በዚያው ሰሞን፣ ከቡናማው ውኃ በታች ሌላ ጉዞ አለ። የጣና ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባል። ጎርፉን እየጠበቀ ቀናት ያሳልፋል፤ ከዚያ ሽቅብ ይጓዛል፤ ጠጠርና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ያለበትን የላይኛውን ገባር እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል። እንቁላሉን እዚያ ጠጠር ላይ ጥሎ ይመለሳል። ጉዞው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የሚበረታው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው።

የዚህ ዓሣ ነገር ከፎገራ ሰው ምግብና ገበያ ያለፈ ትርጉም አለው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ዓሦች ስለለየው፣ በውስጡ የቀረው ነጭ ዓሣ በራሱ መንገድ ተለያይቶ ብዙ ዝርያ ሆኗል። ሊዮ ናገልኬርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች 15 ዓይነቱን ለይተው ገልጸዋል። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ ይላቸዋል። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ ይህ መንጋጋው ላይ ጥርስ ለሌለው የካርፕ ወገን ብርቅ ነው። ይህን የመሰለ ሌላ የትልልቅ የካርፕ ወገን ዓሦች ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበረ። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማጥመድ አጠፉት። አሁን በዓለም ላይ የቀረው የጣናው ነው። ከዝርያዎቹም ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወንዝ ግድ ይላቸዋል። ከወንዞቹ መካከል ተመራማሪዎች ደጋግመው ያጠኑት ደግሞ ወረታ አጠገብ ያለውን ጉማራን ነው።

እንግዲህ የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ዓሣው የሚራባበት ወር የመንግሥት መኪና ሐይቁ ዳር የማይደርስበት ወር ነው። ባለሙያው ወረታ ወይም ባሕር ዳር ይቀራል፤ ተመራማሪው ጀልባና ነዳጅ ፍለጋ ይዞራል፤ ፖሊስም ጭቃ አያልፍም። በጉማራ አፍ ላይ በየማለዳው የሚገኘው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መረብ የያዘው አጥማጅ። ስለ ጣና ዓሣ ጥበቃ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ እውነት መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ። ያ ሰው ጠባቂ ካልሆነ ጠባቂ የለም።

ጣና ላይ ማጥመድ የቆየ ሙያ ነው። ከደንገል በተሠራ ታንኳ በሐይቁ ዳር እየዞሩ፣ በመንጠቆና በወጥመድ፣ በኋላም በትንንሽ መረብ ሲያሰግሩ የኖሩት በዋናነት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ጥቂት ወር አገልግሎ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሌላ ደንገል ታጭዶ ሌላ ይታሰራል። በዚያ አቅም ሐይቁን ማራቆት አይቻልም ነበር። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ያን ጊዜ በግብርና ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ የኔዘርላንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ትብብር የጣና ሐይቅ ዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም የናይለን መረቦች ገቡ። በባሕር ዳር አጥማጆች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ፤ ምርቱም አዲስ አበባ ድረስ ገበያ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን የነበረው የዓመት ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ።

ይህ ለሠሪው ሰው መልካም ዘመን ነበር፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ብዙ ወጣት ሥራ አግኝቷል፤ ዓሣ በከተማ ገበታ ላይ ተለምዷል። ክፍተቱ ጀልባና መረብ ሲመጣ ሥርዓት አብሮ አለመምጣቱ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ በሐይቁ ዳር በቄጠማው መካከል ስለሚራባና ዘሩን ቶሎ ስለሚተካ ጫናውን ብዙ ጊዜ ተቋቁሟል። አምባዛም እንዲሁ ጠንካራ ነው። ነጭ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመውለድም ዓመታት ይፈጅበታል። ለመራባት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት፣ በመንጋ ይሰበሰባል። መረብ ለሚጥል ሰው ይህ ሲሳይ ነው፤ በወንዝ አፍ ላይ የሚያዘው ግን እንቁላል የተሸከመች እናት ናት። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወርዷል። የትንንሾቹ፣ ማለትም ገና ያልደረሱት ዓሦች መቀነስ ደግሞ 90 በመቶ ደርሷል። ትልልቁ ቢያልቅ ትንሹ ይተካዋል ይባላል። እዚህ ግን ተተኪው ራሱ ጠፋ።

ፎገራ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ጥበቃ ማውራት ከንቱ ነው። የባሕር ዳሩን ባለ ሞተር ጀልባ ማኅበርተኛ አይመስልም። አብዛኛው የሩዝ አርሶ አደር ነው፣ ወይም መሬት ያልደረሰው የአርሶ አደር ልጅ። ፎገራ ለብዙ ዘመን በከብቱ የታወቀ አገር ነበረ፤ የፎገራ ላም ወተቷ ተመስክሮላታል። ጎርፉ ሣር ያበቅል ነበር እንጂ እህል አያበቅልም ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራች ማኅበራት ውስጥ ሩዝ ካስሞከሩ በኋላ ግን ያ ጎርፍ ሀብት ሆነ። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተተክሏል። ሩዙ ግን የግጦሹን መሬት ወሰደ፤ ረግረጉንም አጠበበው። ቤተሰብ ሲበዛ የድርሻ ማሳ ትንሽ ሆነ። ማሳ የጎደለበት ወጣት ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ዓሣ ማጥመድ ባለ መረብ መሆን ብቻ የሚጠይቅ፣ ማንንም የማያስፈቅድ ሥራ ነበረ።

የያዘውን የት ይወስዳል? ጥሬውን ወረታ ያደርሳል፤ መንገድ ከቆረጠው ይሰነጥቀዋል፣ ጨው ያስገባዋል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የደረቀው ዓሣ በነጋዴ እጅ ወደ መተማ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ሲጓዝ ኖሯል። ይህ ገበያ አንድ ጠባይ አለው፤ መጠኑን አይመርጥም። ትንሹም ትልቁም፣ ነጩም አምባዛውም በክብደት ይገዛል። መንገድና በረዶ የሌለው ቀበሌ በዚህ ተጠቅሟል። ትንሹን ዓሣ ወደ ሐይቁ መመለስ ግን ለማንም የማይገባ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

ባለፉት ዐሥር ዓመታትና ከዚያ በላይ ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚባለው መረብ መጣ። ክሩ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው፤ ቀጭን፣ እንደ መስታወት የማይታይ። አብዛኛው በሱዳን በኩል በሕገ ወጥ መንገድ ይገባል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብዙ ይይዛል፤ ሲቀደድ ግን አይጠገንም። አጥማጁ እዚያው ውኃ ውስጥ ይተወዋል፤ ከታች ተዘርግቶ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ የተያዘው ይበሰብሳል፤ አይበላም፣ አይሸጥም። የጥንቱ ማጥመጃም ንጹሕ አይደለም። በወንዙ ላይኛው ክፍል የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ መበተን የቆየ ልማድ ነው። ዓሣው ይደነዝዛል፣ ይንሳፈፋል፣ በእጅ ይለቀማል። ብርብራ በጉማራ ዓሦች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ጥናት ተሠርቶበታል። ትልቁን ለመያዝ የተበተነ ዱቄት ከጠጠሩ ሥር ያለውን ጫጩት ሁሉ ይፈጃል። ባሕል ሁሉ ጠባቂ ነው የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም፤ ኅብረተሰቡን በአስተዳደሩ ማሳተፍ የኅብረተሰቡን ልማድ ሁሉ መቀደስ ማለት ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ አንድ የዋገጠራ ወጣት እናስብ። ነሐሴ ነው። አባቱ ሩዝ አረም ላይ ነው። እሱ ማሳ የለውም። አጠገቡ ያለው ሸምገል ያለ አጥማጅ፣ ዓሣው እንቁላል ይዟል፣ መረብህን ከወንዙ አፍ አንሳ ይለዋል። ወጣቱ ምን ይመልሳል?

«አያ፣ እኔ ባነሳ ከማዶ ያለው ይጥለዋል።»

ይህን መልስ ማስተባበል አይቻልም፤ እውነት ነው። ከማዶ ያለው የደራ ወረዳ ሰው ነው። ጉማራ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ ፎገራንና ደራን ይለያል፤ ርብ ደግሞ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን። አንድ ዓሣ፣ ሁለት ወረዳ፣ ሁለት ጽሕፈት ቤት። ወጣቱ መረቡን ቢያነሳ ዓሣው አይድንም፤ እሱ ብቻ ይራባል። ብቻውን የሚቆጠብ ሰው የሚከስርበት ቦታ ላይ ምክር አይሠራም። ቅጣትም ብዙ አይሠራም፤ ቀጪው በጎርፍ ማዶ ነውና። የሚሠራው ከማዶ ያለውም አብሮ እንደሚያነሳ ማረጋገጫ መስጠት ነው። ይህን ማረጋገጫ ሊሰጡት የሚችሉት የሁለቱ ዳርቻ አጥማጆች ራሳቸው ተሰብስበው፣ ተማምለው፣ ተጠባብቀው ነው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ ቁጥር 92 አውጥቷል፤ የማስፈጸሚያ ደንብም ተከትሎታል። ባሕር ዳር ላይ የዓሣና ሌሎች የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ሙሉ ነው። በወረዳ ደረጃ ግን የዓሣ ጉዳይ ከእንስሳት ሀብት ሥራ አንዱ ቅንጣቢ ነው፤ ጀልባ የለውም፤ ነዳጅ የለውም። መረብ ሲቀማ ባለቤቱ በሳምንቱ ሌላ ይገዛል። ከዚያ ወዲህ ባለሙያው ሲመጣ አጥማጁ ይሸሻል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በመሸሽና በማሳደድ ብቻ ይሆናል። ላለፉት ዓመታት በክልሉ የቆየው የጸጥታ ችግር ደግሞ ያንን ጥቂቱን ቁጥጥር እንኳ አዳክሞታል።

አገራችን ተጠቃሚው ራሱ ተስማምቶ ለሚጠብቅበት ሥርዓት እንግዳ አይደለችም። እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ አርሶ አደር በመስኖ ሲጠቀም የውኃ አባት ይመርጣል። የውኃ አባቱ ተራውን ያወጣል፣ ቦዩን ያስጠርጋል፣ ያለ ተራው ውኃ የጠለፈውን ያስቀጣል። የሚታዘዙት ደመወዝ ስላለው አይደለም፤ ራሳቸው ስለመረጡትና ነገ ቢበድል ስለሚሽሩት ነው። መንዝ ላይ የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባል የአካባቢው ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቋል፤ ለዓመታት ተከልክሎ፣ በስምምነት ተከፍቶ፣ በአንድነት ታጭዶ። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ የአካባቢው ሰው በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቁሞታል፤ ጓሳም ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት ምርምር ይህንኑ በብዙ አገር ምሳሌ ያሳያል። የጋራ ሀብት የሚጠፋው የጋራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደሚጠቀም፣ እስከ የት፣ በምን ደንብ የሚለውን የሚወስን ባለቤት ሲያጣ ነው። ሣርና ቦይ ግን እንደ ዓሣ አይሄዱም። የጓሳ ሣር የበቀለበት ይቆማል፤ የጉማራ ነጭ ዓሣ ግን ክረምት ላይ የፎገራ፣ በጋ ላይ የባሕር ዳሩ ባለ ጀልባ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀበሌ ብቻውን የማይችለው።

ጎረቤቶቻችን የሞከሩት ትምህርት ይሆናል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ በየማረፊያው አጥማጆች፣ ነጋዴዎችና ጀልባ ባለቤቶች አብረው የሚቀመጡበት የዳርቻ አስተዳደር ክፍል አቋቋሙ፤ ቁጥራቸው ከ1,000 በላይ ደርሷል። በአንዳንዱ ማረፊያ ጥሩ ሠራ። በሌላው ደግሞ ኮሚቴው የባለ ሀብቶች ሆነ፤ ወይም በሕገ ወጡ መረብ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 አገደቻቸው፤ በ2017 ሠራዊት ወደ ሐይቁ አሰማራች። በዚያ ስለ ሠራዊቱ ግፍ ብዙ ቅሬታ ተሰምቷል። እኔ ከዚህ የማወጣው ትምህርት ኅብረተሰብ አይችልም የሚል አይደለም። ኮሚቴ ማቋቋም ቀላል ነው፤ ለኮሚቴው ሥልጣን፣ ገቢና የሚጠይቀው ጉባኤ መስጠት ከባድ ነው። ሦስቱ ከሌሉ ኮሚቴው በማኅተምና በስም ዝርዝር ይቀራል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ አነስተኛ አጥማጆች ባወጣው መመሪያም አጥማጁ በሚያጠምድበት ውኃ ላይ ያለው መብት እንዲረጋገጥለት የሚለው ሐሳብ ከኃላፊነቱ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል።

ፎገራ ላይ አጥማጁ ለሥራ እንጂ ለውሳኔ እንደማይጠራ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም በግልጽ አሳይቶናል። አረሙ በጣና መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ ደምብያን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምንና ፎገራን ወርሯል። ማሽን ተገዛ፤ ዘመቻ ታወጀ፤ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ ሰፊ የነቀላ ዘመቻ ተካሄደ። በጭቃ ገብቶ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ የነቀለው ግን የሐይቁ ዳር ገበሬና አጥማጅ ነው። መረቡ በአረሙ ተጠላልፎ፣ ጀልባው መውጫ አጥቶ፣ ከብቱ ግጦሽ አጥቶ ነቅሏል። ይህ ሰው ለጉልበት ሲፈለግ ተጠርቷል፤ ስለ ሐይቁ ሲወሰን ግን ወንበር አልተሰጠውም። አንድ ጊዜ ወንበር ቢሰጠው አረሙ በየትኛው ወር በየትኛው ነፋስ ወደ የትኛው ዳር እንደሚነዳ ማንም ሳያስተምረው ይናገር ነበር።

አጥማጁን ብቻ ተጠያቂ ማድረግም ግፍ ይሆናል። ዋሴ አንተነህ፣ እሸቴ ደጀንና አበበ ጌታሁን በፎገራ ሜዳ ላይ ባሉት በሸሸርና በወለላ ረግረጎች ላይ ባደረጉት ጥናት አምባዛ በጎርፉ እየተመራ ወደ እነዚህ ኩሬዎች እንደሚገባና እንደሚራባባቸው አሳይተዋል። ረግረጎቹ ግን ከዓመት ዓመት እየታረሱ ጠበዋል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃውን ከሐይቁ ጋር የሚያገናኘው መስመር ይቆረጣል፤ ወደ ጣና ሊመለስ ያልቻለ ዓሣ በቅሪቱ ኩሬ ታፍኖ ይቀራል፤ ሰውም ገብቶ ያወጣዋል። ወንዞቹ ላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይጫናል፤ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው በዚያው ጠጠር ላይ ነው። በርብ ላይ ለመስኖ የተሠራው ትልቅ ግድብ ለፎገራ ገበሬ ተስፋ ነው፤ ለሽቅብ ተጓዡ ዓሣ ግን ግድግዳ ነው። በበጋ ፓምፖቹ ወንዙን እስኪያደርቁ ሲስቡ ከላይ የቀረው ጫጩት መውረጃ ያጣል። እነዚህን ሁሉ የሚወስኑት ሰዎች መረብ አልያዙም። ስለዚህ የጉማራ አጥማጅ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ የአሸዋ ማኅበሩ፣ የመስኖ ተጠቃሚው የውኃ አባትና የሩዝ አርሶ አደሩ አብረው መቀመጥ አለባቸው። ከአጥማጁ መረቡን እያስነሱ ከላይ ጠጠሩን ማስጫን ፍትሕ አይደለም።

ታዲያ በጉማራ አፍ ላይ የሚደረግ ስምምነት ምን ቢይዝ ይሠራል? መጀመሪያ ጊዜው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም ማብቂያ የወንዙ አፍና የታችኛው ወንዝ ከመረብ ነጻ ቢሆን የጉዞው ዋና ክፍል ይተርፋል። ሙሉ ሐይቁን መዝጋት አያስፈልግም፤ ቀረሶ የሚያጠምደው በሌላው ዳር ሥራውን ይቀጥላል። ፎገራ በዚህ ነገር ዕድለኛ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ሩዝ የሚታረምበት፣ እጅ አጥብቆ የሚፈለግበት ወቅት ነው። ማሳ ያለው አጥማጅ መረቡን ቢያነሳ ሥራ አያጣም። ማሳ የሌለው ወጣት ግን ሌላ ነው። እሱ ለአረም እየተቀጠረ ለሰው ቢውል እንኳ ገቢው ከዓሣው አይተካከልም። ለነገደ ወይጦ ቤተሰብ ደግሞ ሐይቁ ብቸኛ ማሳው ነው። ስለዚህ የተዘጋው ወር ሸክም በእኩል ቢከፈል የሚከብደው በእነሱ ላይ ነው። መሬት አልባው በዳርቻው ቀረሶ የማጥመድ ቀዳሚ መብት ሊያገኝ ይገባል፤ ለጥበቃ በሚሰማራ ጀልባ ላይ የሚቀጠረውም እሱ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ገበያው ነው። በክርስቲያኑ ቤት ዓሣ በብዛት የሚፈለገው በጾም ነው። ከጾሞቹ አንዱ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ልክ ዓሣው በወንዙ አፍ በሚሰበሰብበት ሰሞን። ቤተ ክርስቲያን ዓሣን በጾም ስለመብላት ያላትን ሥርዓት ለራሷ እተወዋለሁ። ነገር ግን በፎገራ ዳርቻ ያሉ ካህናት ስለ ነሐሴ ዓሣ አንድ ቃል ቢናገሩ ከወረዳው ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማሉ። ነጋዴውም የስምምነቱ አካል ካልሆነ ዋጋ ከፍ አድርጎ ወጣቱን ወደ ወንዙ አፍ ይጠራዋል። በዚያ ወር ነጭ ዓሣ የማይገዛ ነጋዴ፣ ትንሹን የማይመዝን ሚዛን ያስፈልጋል። ዓሣ ሰንጥቀው የሚያደርቁ ሴቶች በዚህ ላይ ድምፅ ቢኖራቸው መልካም ነው፤ ምን ያህል መጠን እንደመጣ ማንም ሳይነግራቸው በእጃቸው ያውቃሉና።

ከዚያ ቀጥሎ ሥልጣን ነው። የቀበሌ የአጥማጆች ጉባኤ ሞኖፊላመንት መረብ ሲያገኝ ራሱ የሚወርስበት፣ ቅጣቱንም ለጥበቃው ጀልባ ነዳጅ የሚያውልበት መብት በክልሉ ደንብ ተጽፎ ቢሰጠው፣ ጉባኤው የራሱ ዓይንና የራሱ እጅ ይኖረዋል። ወረዳው የማይችለውን ይችላል። ወረዳው ደግሞ እነሱ የማይችሉትን ይሥራ። ከውጭ የመጣ ባለ ሀብት ሲያስፈራራቸው ይቁምላቸው፤ ሕገ ወጡ መረብ መተማ ላይ እንዲያዝ ያድርግ፤ ደራንና ሊቦ ከምከምን አብሮ ይጥራ። የባሕር ዳሩ ምርምር ማዕከል ከአጥማጁ የተቀበለውን መረጃ በየዓመቱ ተመልሶ ይንገረው። ስንት እናት ዓሣ ወጣች፣ ስንት ጫጩት ወረደ። መረቡን ያነሳ ሰው ማንሳቱ ምን እንዳመጣ ካላወቀ ዘንድሮ ያነሳውን ለከርሞ ይጥለዋል።

ነጭ ዓሣ ለመድረስ ዓመታት ስለሚፈልግ፣ ፍሬውም በአንድ ክረምት አይታይም። ለዚህ ነው ስምምነቱ ቢያንስ ለተከታታይ ጥቂት ክረምት መዋዋል ያለበት፤ የአንድ ዓመት ዘመቻ ተስፋ አስቆርጦ ይበተናል። የሁለቱ ዳር ሰዎች የሚገናኙበት ጉባኤም ግንቦት ላይ ቢጠራ ይሻላል፤ ሩዙ ሳይዘራ፣ ጉማራ ሳይሞላ፣ ከወረታ ወደ ናበጋና ወደ ዋገጠራ የሚወስደው መንገድ ደረቅ ሳለ፣ ከደራም ከሊቦ ከምከምም መምጣት የሚፈልግ ሁሉ በእግሩ መድረስ በሚችልበት ሰሞን።